ኮምፒውተሩ “ጣሪያ 3 ሜትር” ሲል ምን ማለቱ ነው?

ጥያቄ፦ “ዛሬ ጠዋት 31 ሜትር ጠልቄ ፎቶ ሳነሳ የመጥለቂያ ኮምፒውተሬ ያለ ግዴታ ቆይታ መውጣት እንድችል የሰጠኝን ጊዜ በ4 ደቂቃ አለፍኩ። ወደ ላይ ስወጣ ‘ጣሪያ 3 ሜትር፣ 5 ደቂቃ’ አለኝ። ባለ 12 ሊትሩ የአየር ሲሊንደሬ 60 ባር ብቻ ቀርቶት ነበር፤ የጓደኛዬ ኮምፒውተር ደግሞ ምንም ግዴታ አላሳየም። ስለዚህ እንደ ወትሮው 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቆይተን ወጣን። ኮምፒውተሬ ጮኸ፣ ከዚያም ተቆለፈ። እስካሁን ምንም አያመኝም። የደኅንነት ቆይታና የዲኮምፕሬሽን ቆይታ ያው አንድ አይደሉም ወይ? ተመልሼ መግባት ነበረብኝ? ነገ ጠዋት የጓደኛዬን ኮምፒውተር አስሬ ብጠልቅስ? ማታ በረራ አለኝ።”

ምላሽ፦ አጣዳፊው የመጨረሻው ጥያቄ ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ። ነገ ጠዋት አይጥለቁ። ኮምፒውተሩ የተቆለፈው ስለተበላሸ አይደለም። የታዘዘው ቆይታ ስላልተፈጸመ ከዚህ በኋላ ለእርስዎ ሰውነት የሚሆን ስሌት መስጠት እንደማይችል ማሳወቁ ነው። የጓደኛዎን ኮምፒውተር ማሰር ደግሞ አደጋውን ከዓይንዎ ይሰውረዋል እንጂ አይቀንሰውም። ያ መሣሪያ የሚያውቀው የእሱን ጥልቀትና የእሱን ደቂቃ ነው፤ ውኃ ውስጥ ከተነፈሱት አየር እርስዎ ጋ የተረፈውን ናይትሮጅን አይቆጥረውም። ከውኃ ከወጡበት ሰዓት ጀምሮ ሙሉ 24 ሰዓት ከመጥለቅ ይታቀቡ። በረራውም ከዚያ በፊት አይታሰብም። 24 ሰዓቱ ካለፈና በመካከሉ ትንሽም ቢሆን እንግዳ ስሜት ካልተሰማዎት መብረር ይችላሉ፤ ከተሰማዎት ግን የጠላቂዎች ሐኪም ሳያይዎት አውሮፕላን ላይ አይውጡ። እስከዚያው ውኃ ይጠጡ፣ ይረፉ። ከባድ ነገር አያንሱ፣ አልኮል አይጠጡ፣ ሙቅ ገንዳ ውስጥ አይግቡ። ብቻዎን ባይሆኑም ጥሩ ነው።

“አያመኝም” ማለትዎ መልካም ዜና ነው፤ ነገሩ ግን ገና አልተዘጋም። የዲኮምፕሬሽን ሕመም፣ ማለትም ግፊት ሲቀንስ ናይትሮጅን ሰውነት ውስጥ አረፋ ሲሠራ የሚመጣው ሕመም፣ ብዙውን ጊዜ ከወጡ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ራሱን ያሳያል፤ እስከ 24 ሰዓት የሚዘገይበትም ጊዜ አለ። ሲጀምርም ሁልጊዜ በኃይል አይደለም። ትከሻ ወይም ክርን ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚሰማ፣ ቢያሹትም የማይለቅ ሕመም ሊሆን ይችላል። ቆዳ ላይ እንደ እብነ በረድ የተዥጎረጎረ ሐምራዊ መልክና ማሳከክ፣ ከሥራው ጋር የማይመጣጠን ድካም፣ የጣት መደንዘዝ፣ የእግር መዛል፣ ሽንት አልወጣ ማለት፣ ዙሪያው የሚሽከረከር መምሰል፣ እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ናቸው። ጠላቂዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ትከሻውን “ሲሊንደር ስሸከም ነው”፣ ድካሙን “እንቅልፍ አጥቼ ነው” እያሉ ውድ ሰዓታትን ያባክናሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ሁለቱ ቆይታዎች አንድ አይደሉም። ሰውን የሚያሳስተው ሁለቱም የሚደረጉት ተቀራራቢ ጥልቀት ላይ መሆኑ ነው። የደኅንነት ቆይታ ጊዜውን ሳያልፍ የሚወጣ ጠላቂ ለጥንቃቄ የሚጨምረው ነው፤ 5 ሜትር አካባቢ፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ። አንድ ችግር ገጥሞት ቢያቋርጠው እንኳ ስሌቱ “በቀጥታ መውጣት ትችላለህ” እንዳለው ነው። የዲኮምፕሬሽን ቆይታ ግን ግዴታ ነው። “ጣሪያ 3 ሜትር” ማለት ከ3 ሜትር በላይ ያለው ውኃ ለእርስዎ ለጊዜው ዝግ ነው ማለት ነው። ዓይን የሚያየው ጥርት ያለ ውኃና የፀሐይ ብርሃን ቢሆንም፣ ሰውነትዎ በዚያች ደቂቃ ዋሻ ውስጥ እንዳለ ሰው ከራሱ በላይ መውጫ የለውም። ጣሪያው የሚከፈተው በጊዜ ብቻ ነው።

እርግጥ 5 ሜትር ላይ ያሳለፏቸው 3 ደቂቃዎች ከንቱ አልቀሩም። አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ከጣሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ የቆየን ሰው ጊዜ ይቆጥሩለታል፤ ከ3 ሜትሩ ይልቅ ዘገም ይላል እንጂ። የጎደለዎት ቀሪው ጊዜ ነው። ማነጻጸሪያ ከፈለጉ፣ ፓዲ የተባለው ጠላቂዎችን የሚያሠለጥን ድርጅት ያወጣው የመዝናኛ ጠላቂዎች ሠንጠረዥ ለ30 ሜትር የሚፈቅደው 20 ደቂቃ ነው፤ ለ18 ሜትር ደግሞ 56 ደቂቃ። በዚህ ሠንጠረዥ ገደቡን እስከ 5 ደቂቃ ያለፈ ሰው 5 ሜትር ላይ 8 ደቂቃ ቆይቶ ለ6 ሰዓት ከውኃ ውጭ መሆን አለበት። ከ5 ደቂቃ በላይ ካለፈ፣ አየሩ እስከፈቀደለት ድረስ ቢያንስ 15 ደቂቃ ቆይቶ 24 ሰዓት አይጠልቅም።

ይህ ሁሉ ደቂቃ ምን እንደሚሠራ ለማየት ከሰውነትዎ አንዱን ክፍል ቀረብ ብለን እንመልከት። ውኃው ገጽ ላይ ያለው ግፊት 1 ባር ያህል ነው፤ በየ10 ሜትሩ አንድ ባር ይጨምራል። 30 ሜትር ላይ 4 ባር ነው። ከምንተነፍሰው አየር 79 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ላይ 0.79 ባር የነበረው የናይትሮጅን ግፊት እዚያ ታች 3.16 ይሆናል። ሰውነት ይህን ልዩነት እስኪያስተካክል ናይትሮጅን ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ሌላው አካል ይሟሟል። ደም በብዛት የሚደርሰው ክፍል ቶሎ ይሞላል፤ ደም የሚያንሰው ቀስ ይላል። የስሌቱ ሰዎች ይህን በ“እኩሌታ ጊዜ” ይለካሉ። የ5 ደቂቃ እኩሌታ ያለው ክፍል በ5 ደቂቃ ግማሹን፣ በ10 ደቂቃ 75 በመቶውን፣ በ20 ደቂቃ 94 በመቶውን ይሞላል። የ40 ደቂቃው ክፍል ግን በዚያው 20 ደቂቃ ውስጥ 29 በመቶ ብቻ ነው የሚሞላው።

ስለዚህ እንደ እርስዎ ዓይነቱ አጭርና ጥልቅ መጥለቅ ሲያልቅ እየሞላ ያስቸገረው ፈጣኑ ክፍል ነው። ደግነቱ ቶሎ የሞላ ቶሎ ይጎድላል። ያ የ5 ደቂቃ ክፍል ወደ ላይ ቀረብ ብለው 3 ደቂቃ ሲቆዩ ከትርፉ ሲሶውን ያህል፣ 5 ደቂቃ ሲቆዩ ግማሹን ይለቃል። ሁለት ደቂቃ ማሳጠር ቀላል የሚመስለው በእጅ ሰዓት ሲታይ ነው። ያ ትርፍ በሳንባ በኩል ቀስ ብሎ ካልወጣ፣ ግፊቱ በድንገት ሲቀንስበት እዚያው ባለበት አረፋ ይሠራል፤ ሕመሙም ከዚያ ይመጣል። ቀርፋፋዎቹ ክፍሎች ደግሞ በተከታታይ ቀናት ለሚጠልቅ ሰው ነው የሚከብዱት፤ ከአዳር በኋላም ባዶ አይሆኑም።

አሁን ስለ አየርዎ። “60 ባር ብቻ ስለቀረው” ብለዋል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነው የሚለው። 12 ሊትር በ60 ባር 720 ሊትር አየር ነው። ተረጋግቶ የሚተነፍስ ሰው ውኃው ገጽ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ 5 ሜትር ላይ ግፊቱ 1.5 ባር ስለሆነ 30 ሊትር። 8 ደቂቃ ቢቆዩ ኖሮ 240 ሊትር፣ ማለትም 20 ባር ነበር የሚወስድብዎት። 40 ባር ይዘው ይወጡ ነበር። ያስወጣዎት የአየር ማነስ ሳይሆን ቁጥሩን በሊትር አለመቁጠርዎ ነው። ይህን የምለው ልወቅስዎ አይደለም፤ በጣም ብዙ ሰው በባር ያስባል፣ ባር ደግሞ ለብቻው ስንት ደቂቃ እንደቀረ አይናገርም።

አየር እውነት ካለቀ ግን ሕጉ ይገለበጣል። አየር ወደ አፍ የሚያደርሰው ሬጉሌተር መስጠት ሲያቆም፣ ከጓደኛም የሚካፈሉት ከሌለ፣ ቆይታውን ትተው በዝግታ እየተነፈሱ ይውጡ። የዲኮምፕሬሽን ሕመም ይታከማል፤ ውኃ ውስጥ አየር ያጣ ሰው ግን ደቂቃዎች ብቻ ናቸው ያሉት።

የጓደኛዎ ኮምፒውተር ነፃ ያደረገው እሱን ብቻ ነው። ከእርስዎ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ቆይቶ ይሆናል፤ ትናንት አልጠለቀ ይሆናል፤ መሣሪያው ላላ ባለ ቅንብር የሚሠራም ሊሆን ይችላል። ሁለት ጠላቂዎች ሲወጡ የሚታዘዙት ጥብቅ ለሆነው ኮምፒውተር ነው፤ ነፃ የሆነው ሰው ግዴታ ያለበትን አጅቦ ይቆያል። ይህን ከመጥለቃችሁ በፊት ላይ ሆናችሁ ብትነጋገሩ ታች በእጅ ምልክት ከመከራከር ያድናችኋል።

ተመልሶ ስለ መግባት የጠየቁት፦ አይገባም። ብዙዎች ላይ ወጥተው ማስጠንቀቂያውን ሲያዩ በደመ ነፍስ ወደ 5 ሜትር ይመለሳሉ። ችግሩ አረፋ መሥራት ከተጀመረ በኋላ መመለስ የቆይታውን ሰዓት ወደ ኋላ አይመልስም። እዚያ ሳሉ ምልክቱ ከጀመረ፣ እግር የሰነፈበት ወይም ራሱን የሳተ ሰው ውኃ ውስጥ ነው የሚገኘው፤ የቀረውም አየር ትንሽ ነው። ትክክለኛው እርምጃ ጀልባው ላይ መውጣት፣ ሁኔታውን ለመሪው መናገርና ኦክስጅን ካለ ምልክት ባይኖርም መተንፈስ ነው። ምልክት ከታየ ደግሞ ሰውየውን በጀርባው አጋድመው በደንብ በሚገጥም ማስክ ንጹሕ ኦክስጅን ይስጡት፤ ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ውኃ ያጠጡት፤ የአደጋ ጊዜ ሕክምና ይጥሩ። ዳን በመባል የሚታወቀው የጠላቂዎች ድርጅት ሌት ተቀን ሐኪም የሚያገናኝ የአደጋ መስመር አለው። በኦክስጅኑ ቢሻለውም ሐኪም ሳያየው አይተውት፤ ሕመሙ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ዋናው ሕክምና የግፊት ክፍል ውስጥ ነው፤ በብዛት የሚሠራበት አሠራር ታካሚውን 18 ሜትር ጥልቀት ባለው ግፊት ኦክስጅን እያስተነፈሰ ይጀምርና በጠቅላላው ወደ 5 ሰዓት ይወስዳል።

ከዚህ ሁሉ ለይተው ማወቅ ያለብዎት ሌላ አደጋ አለ፤ ናይትሮጅንም፣ ገደብ ማለፍም አያስፈልገውም። ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ሰው ሳንባ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጣል። ከ10 ሜትር እስከ ላይ እጥፍ ይሆናል፤ ሙሉ ሳንባ ከአንድ ሜትር ከምናምን ጥልቀትም ሊቀደድ ይችላል። አየሩ ወደ ደም ገብቶ አንጎል ከደረሰ ሰውየው እንደወጣ ወይም በ10 ደቂቃ ውስጥ ራሱን ይስታል፣ ወይም አንድ ጎኑ ይሰንፋል። ስለዚህ በመውጣት ላይ ሳሉ፣ ካሜራ ቢያነጣጥሩም፣ ሬጉሌተር ቢቀይሩም፣ ትንፋሽ አይያዝም።

አወጣጡ ላይ ከማየው ስሕተት ሁሉ የሚያሳስበኝ የመጨረሻው 10 ሜትር ነው። ጠላቂው ከ30 ሜትር ሲነሳ ተጠንቅቆ ይነሳል፤ ብርሃኑን ሲያይ ይዘናጋል። ግፊቱ ግን በተቃራኒው ነው የሚሠራው። ከ30 ወደ 20 ሜትር ሲወጡ ግፊቱ ከ4 ወደ 3 ባር ይወርዳል፣ አየር በሲሶ ይሰፋል። ከ10 ሜትር ወደ ላይ ሲወጡ ግን ከ2 ወደ 1 ይወርዳል፤ አየር እጥፍ ይሆናል። ቢሲዲው (አየር የሚሞላው የመንሳፈፊያ ጃኬት) ውስጥ የቀረችው ትንሽ አየር፣ ቀጭኑ የኒዮፕሪን ልብስ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው ጠላቂውን ወደ ላይ የሚገፉት። ሲሊንደሩም ቀልሏል፦ ባለ 12 ሊትሩ ከ200 ወደ 50 ባር ሲወርድ ከ2 ኪሎ በላይ አየር ወጥቶለታል። ሲጀምሩ ልክ የነበረው እርሳስ (ለመስመጥ የሚታሰረው ክብደት) መጨረሻ ላይ የሚያንሰው በዚህ ነው። የእርሳስዎን ልክ መፈተሽ ያለብዎት 50 ባር በቀረው ሲሊንደር፣ ቢሲዲው ባዶ ሆኖ፣ 5 ሜትር ላይ ሳይቀዝፉ መቆም መቻልዎን በማየት ነው።

እጅዎን ይመልከቱ። ግራ እጅ የቢሲዲውን ቱቦ ከትከሻ ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ቀኝ እጅ ኮምፒውተሩን ዓይን ፊት ያቆማል። ወደ ላይ የሚወስድዎት ቀዘፋ ነው እንጂ አየር መጨመር አይደለም። አየሩን የሚያስወጡት መገፋት ሲሰማዎት ሳይሆን ከመሰማቱ በፊት፣ በትንሽ በትንሹ ነው፤ ከተሰማዎት ዘግይተዋል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ9 ሜትር አይለፍ፤ በሰከንድ ሲቆጠር 3 ሜትር በ20 ሰከንድ ነው። “ከትንሿ አረፋ አትቅደም” የሚለው የድሮ ምክር በደቂቃ 18 ሜትር በሚፈቀድበት ዘመን የተለመደ ነበር፤ ትንንሽ አረፋዎች ከ9 ሜትር አልፈው ሊፈጥኑ ስለሚችሉ ለዛሬው ልክ መለኪያ አይሆኑም። ቆይታውን ሲጨርሱ የቀረውን 5 ሜትር ደግሞ ቢያንስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይስጡት። ብዙ ሰው ቆይታውን በሥርዓት ጨርሶ ይህችን አምስት ሜትር በአሥር ሰከንድ ይወጣታል፤ ያስገኘውን ግማሹን እዚያው ይጥለዋል።

“ጠለቅ ብሎ ቢቆይስ አይሻልም?” የሚል ሐሳብም በሰፊው ይሰማል፤ በግማሽ መንገድ ላይ ተጨማሪ ቆይታ የሚያደርጉ አሉ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሙከራ ክፍል በ2011 ባወጣው ጥናት ጠቅላላ ጊዜያቸው እኩል የሆኑ ሁለት አወጣጦችን አነጻጸረ። ቆይታውን ወደ ታች ያበዛው በ198 መጥለቅ 10 ሰው አመመ፤ ወደ ላይ ያበዛው በ192 መጥለቅ 3። ፈጣኑ ክፍል ታች ቆሞ ሲለቅ ቀርፋፋው እየሞላ ነውና። ትርፍ አየርና ትርፍ ደቂቃ ካለዎት 5 ሜትር ላይ ያውሉት።

ኮምፒውተሩን ያክብሩት፤ ግን ደምዎን እየለካ እንዳልሆነ ይወቁ። የሚያውቀው ጥልቀትና ሰዓት ብቻ ነው። ሥሩ ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሆልዴን በ1908 በፍየሎች ላይ ሞክሮ ያወጣው ሐሳብ ነው፤ በዙሪክ አልበርት ቡልማን አሰፋፍቶት፣ ዛሬ ብዙ ኮምፒውተሮች ሰውነትን ከ4 እስከ 635 ደቂቃ እኩሌታ ባላቸው 16 ምናባዊ ክፍሎች ይቆጥራሉ። ብርድ፣ የውኃ ጥማት፣ ታች በኃይለኛ ጅረት መታገል፣ ዕድሜ፣ እነዚህን ስሌቱ አያያቸውም። ከአራት ሰው አንዱ ሁለቱን የልብ ክፍሎች የምታገናኝ ሲወለድ ያልተደፈነች ቀዳዳ አለችው፤ አብዛኛው ሳያውቃት ይኖራል፤ በእሷ በኩል ግን አረፋ ሳንባን ሳያልፍ ወደ አንጎል ሊሻገር ይችላል። ሁሉን ሕግ ጠብቆ የታመመ ሰው መኖሩ የሚያስገርመው ይህን ለማያውቅ ነው።

ስለዚህ ለቀጣዩ የ30 ሜትር መጥለቅዎ የምለው ይህ ነው። ኮምፒውተሩ የቀረዎትን ጊዜ 5 ደቂቃ ሲያደርስ፣ ፎቶው ቢያምርም፣ ከዚያ ጥልቀት ይነሱ። ዜሮ እስኪሆን አይጠብቁ። አየርዎም 100 ባር ላይ ያስነሳዎት። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ አንዱ ጓደኛ አየር አጥቶ ሁለታችሁም ከአንድ ሲሊንደር፣ በድንጋጤ በድምሩ በደቂቃ 60 ሊትር ብትተነፍሱ፣ ታች ለመረጋጋት አንድ ደቂቃ 240 ሊትር፣ እስከ 5 ሜትር 3 ደቂቃ 495 ሊትር፣ 3 ደቂቃ ቆይታ 270 ሊትር፣ የመጨረሻው ደቂቃ 75 ሊትር። 1080 ሊትር ነው፤ በባለ 12 ሊትሩ 90 ባር። የግፊት መለኪያው ወደ ባዶው ሲጠጋ ልኩ ስለሚዋዥቅ 100 ይበሉት። ኮምፒውተርዎ የጥንቃቄ ደረጃ ቅንብር ካለው አንድ ደረጃ ያጥብቁት።

ታች ያለው 20 ደቂቃ በእርግጥ ካነሰዎት መንገዱ ገደቡን መግፋት አይደለም። 32 በመቶ ኦክስጅን ያለው ናይትሮክስ በዚያው 30 ሜትር ጊዜውን ወደ 30 ደቂቃ ያደርሰዋል፤ ነገር ግን ሥልጠና ይፈልጋል፤ በ1.4 ባር የኦክስጅን ወሰን ሲሰላም ከ33 ሜትር በታች አይወረድበትም፤ የሲሊንደሩንም ይዘት ከመጥለቅዎ በፊት ራስዎ በመለኪያ አይተው ኮምፒውተሩ ላይ ያስገባሉ። ከዚያም በላይ የሚፈልግ የዲኮምፕሬሽን ሥልጠና ይውሰድ። እዚያ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ሬጉሌተሮች፣ ለቆይታው የተለየ ጋዝ፣ ከተንሳፋፊ ምልክት በተዘረጋ ገመድ ጥልቀትን ጠብቆ መቆም ይማራሉ፤ ንጹሕ ኦክስጅንም ከ6 ሜትር በታች ወደ አፍ እንደማይገባ።